የተደባለቀ የግቢ ሣርን ወደ ሰርዶ መለወጥ፦ የአንድ የኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ አገልግሎት

ሙጃ፣ እንግጫና ሰርዶ ተደባልቀው የበቀሉበትን ግቢያችንን ሙሉ በሙሉ ሰርዶ ለማድረግ የቀጠርናቸው የኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ ሙጃውን ዘር ከመቋጠሩ በፊት ከነሥሩ ነቅለው፣ እንግጫውንም ከመሬት በታች ካለው ፍሬ መሰል ሥሩ ጋር ቆፍረው ካወጡ በኋላ፣ በተራቆተው ቦታ ሁሉ የሰርዶ ቁራጭ በሐምሌ ዝናብ ተከሉልን። ሰርዶ ሙቀትና ፀሐይ ስለሚወድ፣ በምድር ላይ በሚሳበው ግንዱም ባዶውን ቦታ ራሱ ስለሚሸፍን ለኮምቦልቻ የተመቸ ነው፤ ከፍ ብላ ለምትገኘው ለብርዳማዋ ደሴ ግን ይህን ያህል አልመክረውም። ከአቮካዶው ጥላ ሥር ሣሩ ሳስቷል፤ ይህን አስቀድመው ሊነግሩን ይገባ ነበር። ዋጋቸው ከበድ ይላል፤ ሆኖም እንግጫው ዳግም ሲያቆጠቁጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሰው ነቅለውልናል፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።