የእማዬን ድንጋይ ለመረመረልን መምህር

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። የጂኦሎጂ መምህር ነው።

እማዬ ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው። ከሁለት ወር በፊት ማታ ግቢ ወጥታ ሳለ ሰማዩን የሚያቋርጥ ብርሃን አየች። ተቆራርጦ፣ ጭራውን እየጎተተ፣ ያለ ድምፅ አለፈ። ጎረቤትም አይቶታል። በነጋታው አጥሩ ሥር ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ጥቁር ድንጋይ አገኘች። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው።

ወሬው ሲሰማ አንድ ደላላ መጣ። «የሰማይ ድንጋይ ነው፣ ገዢ አለኝ። ለማስመርመሪያ 15,000 ብር ብቻ አምጡ» አለን። ብሩን አውጥተን ልንሰጠው ነበር። መምህሩን ያገናኘን የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱም ይባረክ።

ቅዳሜ መጣ። ድንጋዩን ከማየቱ በፊት እማዬ አጠገብ ቁጭ አለ። «እማማ፣ ብርሃኑ ስንት ሰከንድ ቆየ?» ሰከንድ ማን ይቆጥራል! «አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ስጨርስ ጠፋ» አለችው። አልሳቀም። «እስቲ እንደዚያን ዕለት ይድገሙልኝ» ብሎ ሰዓት ያዘ። 38 ሰከንድ ሆነ።

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያበቃል። የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ሲመለስ ግን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጎን ተኝቶ ስለሚሄድ ይቆያል፤ እየተሰባበረም ይነዳል። የእማዬ ብርሃን ይህን ይመስላል አለን። «ይመስላል» እንጂ «ነው» አላለም። ይህን ነው በጣም የወደድኩለት።

ቀጥሎ ድንጋዩ። ማግኔት ሲያስጠጋው ሳበው፤ እኛ እልል ልንል ምንም አልቀረን። «ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም» አለ። እማዬን አስፈቅዶ ጥጉን በሞረድ ፋቀው። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ እንዲህ ዓይን ማውጣቱ ብርቅ ነው አለን። ከዚያ «ግቢውን በምን ሞላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ከሦስት ዓመት በፊት ባስመጣነው ገረጋንቲ! አጥሩ ሥር በዶማ ጫር ጫር ሲያደርግ ሦስት ተመሳሳይ ቁራጭ ወጣ።

ትንሽ ፍቅፋቂ ወስዶ በመሣሪያ አስለካው። ከሰማይ በሚመጣ ብረት ውስጥ የማይጠፋው ኒኬል የለበትም፤ ካልሲየምና ማንጋኒዝ ግን ሞልቶበታል። የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው።

ውጤቱን ለመንገር ራሱ ተመልሶ መጣ። እማዬ ፊቷ ሲጠቁር አይቶ የሱዳኑን አጫወታት። በ2008 እ.ኤ.አ. ኑብያ በረሃ ላይ አንድ የጠፈር አለት ነደደ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብርሃኑን ያዩትን ጠይቀው፣ ተማሪዎቹ በረሃውን ጎን ለጎን ተሰልፈው እየፈተሹ ስብርባሪውን አገኙ። «እርስዎም ያዩትን በደንብ አይተዋል» አላት። ቀና አለች።

የተቀበለን የመኪና ብቻ ነው። 15,000ው ብር እጃችን ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ብርሃኑን ያያችሁበትን ሰዓት፣ አቅጣጫውንና የቆየበትን ጊዜ ሳትረሱ ጻፉ። ድንጋዩን ያገኛችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱት። የሚመቸው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።