ለሳሙና አምራቾች፦ እኚህን የኬሚስትሪ መምህር ጠይቁ

ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም። የዘይትና የሞራን ሞለኪዩላዊ ክብደት ለክተው ያወጣሉ። በሥራቸው እጅግ ስለተጠቀምኩ በይፋ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

የኑግ ዘይት ሲወደድብን ከፊሉን በኮኮናት ዘይት ለመተካት አሰብን። ለአንድ ኪሎ ስንት ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) እንደሚገባ የጠየቅኋቸው ሻጮች ሁሉ «ለማንኛውም ዘይት ያው ነው» አሉኝ። ጋሼ ግን ሁለቱንም ሳይለኩ ምንም ሊሉኝ አልፈቀዱም።

ከኑጉ ዘይት 2 ግራም መዘኑና በአልኮል ከሟሟ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አንድ ሰዓት ያህል አፈሉት። ፌኖልፍታሊን የተባለውን ቀለም አመልካች ጠብ ሲያደርጉበት ፈሳሹ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ከዚያ ጥንካሬው 0.5 ኖርማል የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ እየጨመሩ፣ ዓይናቸውን ከብልቃጡ ሳይነቅሉ፣ ሮዙ ድንገት ሲጠፋ ቡሬቱን (አሲዱን የሚለኩበትን ባለቧንቧ ቱቦ) ዘጉ። ዘይት የሌለበትንም ብልቃጥ እንዲሁ ለኩ። የሁለቱ ልዩነት 13.6 ሚሊ ሊትር ነበር። ይህ በ0.5 እና በ56.1 (የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ሞለኪዩላዊ ክብደት) ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 190.7 ይመጣል፤ የሳፖኒፊኬሽን ቁጥር የሚባለው እርሱ ነው፤ አንድ ግራም ዘይት ሳሙና ለመሆን የሚፈጀው የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊግራም ማለት ነው። አንዱ የዘይት ሞለኪዩል ሦስት ፋቲ አሲድ ስለያዘ ሦስት የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ሞለኪዩል ይፈጃል፤ ስለዚህ 168,300 (3 × 56.1 × 1,000) ለዚህ ቁጥር ሲካፈል አማካዩ ሞለኪዩላዊ ክብደት 882 ገደማ ሆነ። የኮኮናቱ ቁጥር 255 ስለወጣ ክብደቱ 660 ብቻ ነው።

ምክንያቱንም አስረዱኝ። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ 12 ካርቦን ያለው ሎሪክ አሲድ ነው፤ በኑግ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ግን 18 ካርቦን አለው። ሞለኪዩሉ ሲቀል በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ብዛት ይጨምራል፤ ሶዳውም እንዲሁ። ቁጥሩ በ40 (የኮስቲክ ሶዳ ሞለኪዩላዊ ክብደት) ተባዝቶ ለ56.1 ሲካፈል፣ ለአንድ ኪሎ ኑግ 136 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ሲበቃ ለኮኮናቱ 182 ግራም ያስፈልጋል። ሻጮቹን ብሰማ ኖሮ ከፊሉ ዘይት ሆኖ የቀረ ሳሙና ለደንበኛ አቀርብ ነበር! በተግባር ግን ሳሙናው ቆዳ እንዳያቃጥል ከሶዳው 5 በመቶ እንድቀንስ መከሩኝ።

ይበልጥ ያከበርኳቸው በጥንቃቄያቸው ነው። ከስሌቱ በፊት የአሲድ ቁጥሩን፣ ማለትም በዘይቱ ውስጥ ያለውን ነጻ አሲድ መጠን፣ ይለካሉ። የቆየ ዘይት ውስጥ ከግሊሰሪኑ የተላቀቀ ፋቲ አሲድ ስለሚኖር የሚገኘው ክብደት ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ ያንን ቀንሰው ያሰላሉ። ውጤቱን ሲሰጡም አማካይ መሆኑን በወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። የሚያስከፍሉት ለአነስተኛ አምራች የሚከብድ አይደለም፤ የማይገባውንም ሰው ደግመው ደጋግመው ያስረዳሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሳሙና የምታመርቱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ናሙናውን በደረቅና ንጹሕ ጠርሙስ አድርጉት፤ ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳና መቼ እንደተገዛም ጻፉበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።