ጠርሙሱ «ኤክስትራ ቨርጂን» ይላል፣ ጉሮሮዬ ግን አልተስማማም

ሁለት የወይራ ዘይት ጎን ለጎን አድርጌ ቀመስኩ። ሁለቱም ላይ «ኤክስትራ ቨርጂን» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ነው፣ ሌላው ቆርቆሮ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጠቤ ከጽሑፉ ጋር ነው።

የጠርሙሱ ሲያዩት ያምራል፣ ወርቅ ነው የሚመስለው። ሲያሸቱት ግን የከረመ ኦቾሎኒ ይሸታል። አፍ ውስጥ ቅባት ቅባት ከማለት በቀር ጣዕም የለውም። ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱንም ለክዳኑ፤ አያንጠባጥብም።

ቆርቆሮዋ ሌላ ናት። ገና የታጨደ ሣር ትሸታለች፣ ምላስ ላይ መረር ትላለች፣ ከዋጧት በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ቆንጠጥ አድርጋ ታስላለች። ብዙ ሰው ይሄኔ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳታል። ኧረ ተዉ! የሚቆነጥጠው ኦሊዮካንታል የሚባል ዘይቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳወጡት ሥራው ከሕመም ማስታገሻው ከአይቡፕሮፌን ጋር ይመሳሰላል። ራስ ምታት ያድናል እያልኩ አይደለም። አራት ኮከብ ተኩል።

ለመሆኑ ቨርጂን፣ በእኛ ቋንቋ ድንግል፣ ዘይት ላይ ሲባል ምን ማለት ነው? ወይራው ተፈጭቶ ዘይቱ በማሽን ብቻ ተለይቶ ሲወጣ ነው። ኬሚካል አይገባበትም፣ በፋብሪካም ሪፋይን አይደረግም (ማለትም ሽታውና ጣዕሙ እንዲጠፋ አይጣራም)። «ኤክስትራ» የምትለው ለመጨመር ደግሞ 100 ግራም ዘይት ውስጥ ያለው ነፃ አሲድ ከ0.8 ግራም መብለጥ የለበትም፤ እስከ 2 ግራም ከደረሰ ቨርጂን ብቻ ይባላል። ላብራቶሪ ማለፉም አይበቃም፣ የሠለጠኑ ቀማሾች ቡድን ቀምሶ እንከን የለበትም ማለት አለበት፣ እነሱም የዘይቱ ቀለም እንዳያታልላቸው ባለቀለም ብርጭቆ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የጠርሙሱ ወርቅ መምሰል ለኔ እንጂ ለነሱ ምንም አይደለም።

እርግጥ የጠርሙሱ ሰዎች ዋሽተዋል ብዬ አልምልም። የታሸገ ዕለት እውነትም ኤክስትራ ሊሆን ይችላል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ግን ዘይት ያበላሻሉ፣ ግልጽ ጠርሙስ አድርገው መደርደሪያ መብራት ሥር ካቆሙት ጽሑፉ እዚያው ይቆያል፣ ዘይቱ ግን ይሄዳል።

አስቂኙ ነገር ደግሞ «ንጹህ የወይራ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ከቨርጂን የሚያንስ መሆኑ ነው! አብዛኛውን ጊዜ ሪፋይን የተደረገው ትንሽ ቨርጂን ተጨምሮበት ነው።

ወይራውስ ቢያንስ የሚለካ ነገር አለው። ሌላው ዕቃ ላይ ቨርጂን የምትለው ቃል እንደየሻጩ ናት። ሂውማን ሄር ላይ ቀለምም ፐርምም ያልነካው ፀጉር ማለት ነው፣ ግን ይህን ገዢ በዓይኑ አይቶ እንዴት ያውቃል? በሻጩ አፍ ነው የምንገዛው። ሱፍ ላይ ከዚህ በፊት ልብስ ሆኖ ያላገለገለ፣ ፕላስቲክ ላይ ሪሳይክል ያልተደረገ ማለት ነው (ይሄ ለምን እንደሚያስኮራ አይገባኝም)። መጠጥ ላይ ደግሞ ቨርጂን ሞጂቶ ማለት አልኮል የሌለው ሞጂቶ ነው። የኮኮናት ዘይት ላይ «ኤክስትራ» ካያችሁ ደግሞ ለማስታወቂያ ነው፣ እንደ ወይራው የተለየ መስፈርት የለውም።

እንግሊዛዊው ነጋዴ ሪቻርድ ብራንሰን በ1970 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቨርጂን ኩባንያ ደግሞ ስሙን ያገኘው ሁሉም ለንግድ አዲስ ስለነበሩ ነው። እዚህ ላይ ንጽሕና የሚባል ነገር የለም፣ ጀማሪ ነን ማለታቸው ነው። እኛ ያልታረሰውን ድንግል መሬት እንላለን እንጂ ጀማሪ ነጋዴን ድንግል አንልም፣ «ገና ጥሬ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ወይራ ዘይት ልትገዙ ከሆነ ከፊት ያለውን ትልቅ ጽሑፍ ትታችሁ ዕቃውን አዙሩት። ፍሬው የተለቀመበት ቀን ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ቆርቆሮ ወይም ጥቁር ጠርሙስ ምረጡ። «ላይት» የሚለው ጣዕሙ ቀለል ያለ ነው እንጂ ካሎሪው ያው ነው። ከከፈታችሁት በኋላ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ለእንግዳ ብላችሁም አታቆዩት፣ ቶሎ ቶሎ ተጠቀሙበት።