ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህራን፦ ጎንደር ያሉ አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ

ጎንደር ውስጥ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሳይንስ የምናስተምር መምህራን ነን። ይህን ምስጋና የምንጽፍላቸው የቤተ ሙከራ ባለሙያ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ ሥራቸው ግን ተደብቆ መቅረት የለበትም።

እሳቸው ሙከራ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ልጆቹ ምኑን ለውጠው ምኑን ይለካሉ?" ብለው ነው። መልስ ከሌለን ሙከራው ይቀራል። ቀጥሎ በ40 ደቂቃ ማለቁንና ዕቃው ለየቡድኑ መዳረሱን ያያሉ።

ብዙ ቦታ የሚሠራውን "እሳተ ገሞራ" እንውሰድ። አቼቶ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመር አረፋው ይገነፍላል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ ደብተር ላይ የሚሰፍር ነገር ግን የለም። እሳቸው በዚያው ሶዳና አቼቶ ሌላ ሙከራ ያሠራሉ። በአራት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ውስጥ 5 ከመቶ የሆነ አቼቶ 70፣ 70 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ተለክቶ ይገባል። በአራት ፊኛዎች ደግሞ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ማንኪያው አፉ ላይ እየተስተካከለ፣ በተጠቀለለ ወረቀት ይጨመራል። ፊኛው ሃይላንዱ አፍ ላይ ይጠለቅና ቀና ሲደረግ ሶዳው ይወርዳል። ከግማሽ ወደ አንድ ማንኪያ ሲኬድ ፊኛው በግልጽ ይተልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሶዳው ቢበዛም መጠኑ እምብዛም አይጨምርም። አንድ ማንኪያ ሶዳ 5 ግራም ገደማ ነው፤ 70 ሚሊ ሊትሩን አቼቶ ለመጨረስ እሱ ይበቃል። ሦስት ማንኪያ የገባበት ላይ አቼቶ ቢጨመር እንደገና አረፋ ያወጣል። የቱ ቀድሞ እንዳለቀና የቱ እንደተረፈ ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ እኛ ሰሌዳ ላይ ጽፈን ያላስረዳነውን ማለት ነው።

ይህ ሙከራ የሚበላሽበትን መንገድም አስቀድመው ይነግሩናል። በሶዳው ፈንታ ከሱቅ ቤኪንግ ፓውደር ከተገዛ ዋጋ የለውም፤ አሲዱ አብሮት ስላለ በባዶ ውሃም አረፋ ያወጣል። አዲስ ፊኛ ደረቅ ስለሆነ አንዴ ተነፍቶ መለስለስ አለበት። አንገቱ እርጥብ ከሆነ ሶዳው እዚያው ይጣበቃል።

የሎሚ ባትሪውም እንዲሁ ነው። አራት ሎሚ፣ አራት የቆርቆሮ ምስማር፣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ባለ ሁለት እግር ትንሽ መብራት)። ሎሚው ጠረጴዛ ላይ እየተጫነ ይንከባለላል፤ ምስማሩና መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ሳይነካኩ ይሰካሉ፤ የአንዱ መዳብ ከቀጣዩ ምስማር ይያያዛል። የኤልኢዲው ረጅም እግር መዳብ በኩል ነው። ካልበራ በአብዛኛው ምስማሩ ዚንክ ያልተቀባ ነው፣ ወይም ሽቦው ከሞተር የወጣና ቫርኒሹ ያልተፋቀ። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ አይመከርም፣ የእጅ ባትሪ አምፖልም ጨርሶ አይበራም። የበራውም ደብዛዛ ነውና መስኮቱ ይጋረድ። ኃይሉ የሚመጣው ከሚሟሟው ዚንክ እንጂ ከሎሚው እንዳልሆነ ሳይናገሩ አያልፉም፤ ሎሚውም ከዚያ በኋላ አይበላም።

ውሃ ማፍላትን ደግሞ ለጎንደር ልጅ የተለየ ትምህርት አድርገውታል። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ቴርሞሜትሩ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። መጽሐፉ 100 ስለሚል ልጆች ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላሉ፤ የአየር ግፊት ትምህርት ከዚያ ይጀመራል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

ቅጠል በአልኮል አፍልቶ ስታርች መፈተሽን ለልጆች እጅ አይሰጡም። የአልኮል ትነት እሳት ይስባል፤ መታየት ካለበት እሳቱ ጠፍቶ፣ በሙቅ ውሃ ዕቃ ውስጥ፣ በመምህሩ እጅ ይሠራል። በምትኩ ለልጆቹ ድንችና እንጀራ ላይ የቀጠነ አዮዲን ጠብ ያስደርጋሉ።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልታገኟቸው የምትፈልጉ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ስትሄዱ የምዕራፉን ርዕስ፣ የተማሪውን ብዛትና በእጃችሁ ያለውን ዕቃ ጽፋችሁ ያዙ።