ደብረ ሲና ላይ የተከራየሁት ቤት፦ በረንዳው አምስት ኮከብ፣ ግድግዳው አንድ

ቤቱን ያየሁት በጥር ነው። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው የጀመረው።

ጥር ላይ ደብረ ሲና ሰማዩ ጥርት ይላል። ደላላው በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት በረንዳው ላይ አቆመኝና «እስቲ እይው፣ ይሄን አዲስ አበባ በስንት ታገኚዋለሽ?» አለኝ። ከእግሬ ስር ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ እየደበዘዘ የሚሄደው ቆላ። ግድግዳውን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። ዘመኑ 2010 ነው፣ በወር 700 ብር፣ የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ለደላላው ደግሞ የግማሽ ወር። ከአከራይዋም እንደተቀበለ የሰማሁት በኋላ ነው።

ለማታውቋት፣ ደብረ ሲና በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ላይ ነች። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ስትወጡ መንገዱ ቁልቁል መጠማዘዝ ይጀምራል፣ ከተማዋም እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ተለጥፋለች። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት በሚገዛው ቆሎ ነው። እኔም ለሥራ እስክመደብ ድረስ ከቆሎው ሌላ የማውቀው አልነበረም።

ቤቱ ሰርቪስ ነው፣ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ሁለት ክፍል። የጭቃ ግድግዳ ሆኖ ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶና ቀለም ተቀብቶ የተወጠረ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከሌሎች ሁለት ተከራዮች ጋር የጋራ ነበር፣ ግን በተራ ስለምናጥበው ሁልጊዜ ንጹህ ነው። ውሃ በፈረቃ ትመጣለች፣ ሁለት በርሜልና ጥቂት ጀሪካን ያለው ሰው አይቸገርም። እስከ ግንቦት ድረስ ብትጠይቁኝ ከ5 ውስጥ 5 እሰጠው ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹ ይጠፋሉ፣ ቀጥሎ የግቢው በር፣ ቀጥሎ የልብስ ገመዱ። ያ ሁሉ የተወራለት እይታ ነጭ አቡጀዲ ሆኖ ቁጭ አለ። ጉሙ ደግሞ ውጭ አይቀርም፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አልጋ ላይ ይተኛል። ልብስ ለመድረቅ ሦስት ቀን፣ ጂንስ ከሆነማ ሳምንት ይፈጃል። ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከአልጋ ስር ጫማዬን ሳወጣ ፀጉር አብቅሎ አገኘሁት፣ አረንጓዴ ፀጉር። ግድግዳው ከታች ጀምሮ ጠቆረ፣ በእጄ ስነካው ቀለሙ ከነልስኑ እርጥብ ቂጣ እየመሰለ ይላጥ ጀመር። ከዝናቡ የባሰው ደግሞ የጠዋቱ ጠብታ ነው። ሌሊት የወጣው የሰው ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ያድርና፣ ሲነጋ በከረጢቱ ስፌት በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ጣራው ያፈሳል ብዬ ብሶቴን ለአከራይዋ ስነግራቸው «አያፈስም፣ ላብ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ላብ ነው። ግን ትራሴ ከየትም ይምጣ ከየት ረጥቧል።

ሌላው የፀሐይ ጉዳይ ነው። ከከተማዋ ጀርባ ያለው ተራራ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል። ስለዚህ የቤቱ በርና መስኮት ወደ ምሥራቅ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የጠዋቷም ታመልጣችኋለች። የኔ በረንዳ ወደ ምሥራቅ ነበር፣ መኝታ ቤቱ ግን በተራራው በኩል ነው። አንድም ቀን ፀሐይ ገብቶበት አያውቅም።

ስለ ድምፅ ደላላው «ጸጥታው ገዳም ነው» ብሎኝ ነበር። በቀን አዎ። ሌሊት ግን የደሴ መስመር የጭነት መኪኖች በከባድ ማርሽ ሲወርዱ መስኮቱ ይርገፈገፋል። ወር ሲሞላኝ ለምጄው እንቅልፌን ለጥ ነው፣ አዲስ አበባ የሚያሳድሩኝ ዘመዶቼ ቤት ሄጄ ጸጥታው አላስተኛ ያለኝ ጊዜም አለ።

አሁን ወደ አከራይዋ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይሄ ይያዝልኝ። ግን ቆጣሪው አንድ ነው፣ የመብራት ሂሳቡ የሚካፈለው በአምፖል ቁጥር ነው፣ ምጣድ መሰካት ክልክል ነው። አንድ ጠዋት ገላዬን ልታጠብ ውሃ ማሞቂያ ስሰካ ከነነጠላቸው እየሮጡ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሰክተሽ ነው? ቆጣሪው እየበረረ ነው!»

«እትዬ፣ ውሃ ላሞቅ ብዬ ነው።»

«ከሰል ጠፍቶ ነው?»

ከሰል አልጠፋም። ግን እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል አንድዳችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ይሄን ለሳቸው አደንቃለሁ፣ ማታ ማታ በሬን አንኳኩተው «ማንደጃውን አወጣሽ?» ሳይሉኝ አይተኙም ነበር። ያው ከዚያ ቀጥለው የግቢውን በር ይቆልፋሉ። ሦስት ሰዓት ላይ። ከሥራ አምሽቼ ስመጣ ስንት ጊዜ በሩን ደብድቤያለሁ፣ ሲከፍቱልኝም ከማን ጋር እንዳመሸሁ መጠየቁ አይቀርም። ለአዲስ ዓመት ዶሮ ልከውልኝ በነጋታው ኪራዩ ላይ 150 ብር ጨመሩ። ዶሮው ጣፋጭ ነበር።

ለመውጣት ስነግራቸው መኝታ ቤቱን ገብተው አዩና የጠቆረውን ግድግዳ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ መስኮት አትከፍቺም» ብለው የቀለም 400 ብር ጠየቁኝ። መስኮት ብከፍት ጉሙ ይገባል፣ ብዘጋ ላቡ ያድራል። ተከራከርኩ። ግን የጽሑፍ ውል የለን፣ ስገባ የነበረውን የሚያሳይ ፎቶ የለኝ። ያሉኝ ፎቶዎች በሙሉ የገደሉ ናቸው። ከፈልኩ። አሁን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ክልል ላይ የሚሠራው ግን ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ እንደዚህ ያለ ትንሽ ከተማ የምትሄዱ አዋጁን ተማምናችሁ አትግቡ። አንዲት ገጽም ብትሆን ውል ጻፉ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ፣ ግድግዳውን ጥግ ጥጉን ፎቶ አንሱ። ከተቻለ ቤቱን በነሐሴ እዩት። ካልተቻለ የጎረቤቱን ተከራይ «ባለፈው ክረምት ልብስሽ በስንት ቀን ደረቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደላላውን አትጠይቁ።

በአጠቃላይ ለቤቱ ከ5 ውስጥ 2 ሰጥቻለሁ፣ ለበረንዳው 5። ክረምቱን ሌላ ቦታ የሚያሳልፍ ሰው ካለ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይከራየው፣ አይቆጭም።

ዕቃዬን የጫንኩት መጋቢት 2011 ላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። ያው ደላላ አንድ ወጣት መምህር ይዞ መጣ። ልጁ በረንዳው ላይ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ገደሉን ፎቶ ያነሳል። ጠጋ አልኩና «ግባና የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ንካው» አልኩት። ገብቶ ነካው። ደረቅ ነበር፣ በኔ 400 ብር አዲስ ቀለም ተቀብቷል።