ቢጫውን ኤክስቴንሽን እንዳትገዙ

መርካቶ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ 25 ሜትር ኤክስቴንሽን ገዛሁ። ቢጫ ነው፣ ጥቅልል፣ ሲያዩት ያምራል። ሌሎቹ ሱቆች ከ4,000 ብር በላይ ሲሉኝ እዚህ 1,900 ተባልኩ። ገመዱ ላይ «3 በ2.5 ካሬ፣ ንጹህ መዳብ» የሚል ታትሟል፤ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ዋጋው ይለያል» አለኝ። ዝም ብዬ ከፈልኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ግቢያችን ሳር ውጦት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሳር ማጨጃውን ሰካሁ። ማሽኑ አሮጌ፣ እጀታው ብረት፣ ሳሩም ገና ጤዛ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ አቅም አጥሮት ማቃሰት ጀመረ። ቀጥሎ መዳፌን ወረር አደረገኝ። የማሽኑ መንቀጥቀጥ መሰለኝ። ሁለተኛው ግን እስከ ክንዴ ነዘረኝ፤ ወርውሬው ሸሸሁ። ብሬከሩን አጥፍቼ ፕለጉን ስነቅለው ይፋጃል።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን መጥቶ የኤክስቴንሽኑን ሶኬት በካቻቢቴ ፈታው። ከፊት የኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ብረቱ አለ። ከጀርባው ግን ምንም ሽቦ አልታሰረበትም! ገመዱን ሲቆርጠው ሦስት ሳይሆን ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ወጣ። አንዷን ክር በምላጭ ሲፍቃት ቀዩ ተልጦ ነጭ ሆነች። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። «ጋሼ፣ ለዚህ ሬዲዮም ይበዛበታል» አለኝ።

ብሬከሩ ለምን አልወደቀም? እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። የኔው 16 አምፔር ነው፤ 1,500 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይስባል። ሰው የሚገድለው ኤሌክትሪክ ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው፤ ተራ ብሬከር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ኧርዙ በትክክል ቢታሰር ኖሮ ከማሽኑ ያፈተለከው በሱ በኩል መሬት ይወርድ ነበር። ሰውን የሚታደገው ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው የሊኬጅ ብሬከር ነው። አሁን አስገጥሜያለሁ፤ ቀድሜ ማስገጠም ነበረብኝ።

ስትገዙ ሻጩ ሶኬቱን ፈቶ ያሳያችሁ። ሦስት ሽቦ ቁጠሩ፣ የሽቦውን ጫፍ ፋቁ። በማግኔት ብቻ አትመኑ፤ አሉሚኒየምም መዳብም አይስብም። ማሽናችሁ ላይ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ምልክት ካለ ኧርዝ አይፈልግም፤ የቀጭን ሽቦ ግለት ግን እሱንም አይምርም። ደህናውንም ጥቅልል ቢሆን ከባድ ማሽን ስትሰኩበት ሙሉውን ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ልመልስ ብሄድ «ደረሰኝህስ?» አለኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ ብለው ሳቀብኝ። ስወጣ ያው ቢጫ ጥቅልል በሩ ላይ ተደርድሮ፣ አንዲት እናት ዋጋ እየጠየቁ ነበር።