ዲፕ ክሪክ «ሐይቅ ዳር ካምፒንግ» ለሚሏችሁ ብር እንዳትልኩ

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡና ለምታውቁት ሰው አስተላልፉ።

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር ፍላየር አለ። የሐይቅ ፎቶ፣ ከጎኑ የሚንቦገቦግ እሳት፣ ጀበና፣ ከላይ በትልቁ «ዲፕ ክሪክ ሌክ፣ ሐይቅ ዳር ካምፒንግ፣ ሁሉንም ያካተተ»። ለሁለት ሌሊት በሰው 185 ዶላር፣ ልጅ በግማሽ፣ ክፍያ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ብር መላኪያ) ብቻ። እኛ በዚሁ ፓኬጅ ሄደን ነው የመጣነው፣ እናቴና ልጆቹ ሳይቀሩ። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። ብጠራውም ጥቅም የለውም፣ ፍላየሩ በሌላ ስም ይወጣል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የሚሸጥላችሁ ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። ዲፕ ክሪክ ሌክ ስቴት ፓርክ የሜሪላንድ ስቴት ንብረት ነው። ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ ጋሬት ካውንቲ ተራሮች መሃል፣ ከዲሲ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። የድንኳን ቦታ ማንም ሰው በራሱ ስም፣ በኢንተርኔት ወይም በስልክ፣ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ መያዝ ይችላል። ደላላ የሚባል ነገር የለውም። አዘጋጁ ያደረገው ምንድነው? ቦታውን በስሙ ያዘ፣ ከዚያ በሰው ራስ ቆጥሮ ለእኛ ሸጠ። አንድ ቦታ ላይ የሚፈቀደው ስድስት ሰው ነው። ስድስትን በ185 አባዙት፣ 1,110 ዶላር። ስቴቱ ለዚያው ቦታ ለሁለቱ ሌሊት የሚወስደው መቶ ዶላር አይሞላም። ቀሪው የማን ኪስ እንደገባ ለእናንተ ትቻለሁ።

ሰው ለድካሙ አይከፈለው እያልኩ አይደለም። ድንኳን ተክሎ፣ ምግብ አብስሎ፣ ሰው አመላልሶ ቢያተርፍ ማን ይጠላል። ጥብሱም አልከፋም፣ እውነቱን ለመናገር እንጀራውም ጥሩ ነበር። ችግሩ የተባለውና ያገኘነው አለመገናኘቱ ነው።

«ሐይቅ ዳር» የሚለውን እንየው። የፓርኩ የካምፒንግ ቦታ ያለው ሜዶው ማውንቴን በሚባለው ተራራ ጎን፣ ጫካው ውስጥ ነው፣ ከሐይቁ ደግሞ መንገድ ይለየዋል። ደስ የሚል ጫካ ነው፣ ጥላው ልዩ ነው፣ ግን ከድንኳን ወጥቶ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር የሚባል ነገር የለም። እኛ የደረስነው ከመሸ ነው። እናቴ «ሐይቁ የታለ?» ስትል አዘጋጁ «እዛ ታች ነው እማማ፣ በመኪና ትንሽ ነው» አላት። ውሃው አፍ ላይ ማደር የምትፈልጉ ከሆነ በሐይቁ ዙሪያ የሚከራዩ የግል ቤቶች ሞልተዋል፣ ዋጋቸው ሌላ ነው እንጂ። ፍላየሩ ላይ ያለው ፎቶም የፓርኩ ድንኳን ቦታ አይደለም። ደግሞ «የተፈጥሮ ሐይቅ» ብሎ ጽፎበታል! ሜሪላንድ ውስጥ የተፈጥሮ ሐይቅ የለም። ይሄኛው በ1925 ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ነው። 3,900 ኤከር ገደማ የሚሆን፣ የስቴቱ ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ውብ ነው፣ ውሸት ሳይጨመርበትም ይሸጣል።

ከዚህ የባሰው የሰው ብዛት ነው። አዘጋጁ ከያዛቸው ቦታዎች በላይ ሰው ነው የሸጠው። በየድንኳኑ ተጨናንቀን ልንተኛ ስንል የፓርኩ ሬንጀር (ጠባቂ) መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸም፣ ወረቀቱን አይቶ በአንድ ቦታ ስድስት ሰው ብቻ ብሎ ትርፍ የሆነው እንዲወጣ አደረገ። በዚያ ሌሊት፣ በበዓል ሰንበት፣ ሕፃን የያዙ ቤተሰቦች ማክሄንሪ የምትባለው ከተማ ወርደው ሆቴል ፍለጋ ዞሩ። ያገኙትን ዋጋ አልነግራችሁም፣ የበዓል ሰንበት ነው አልኳችሁ። ቦታው በእኛ ስም ስላልተያዘ ደግሞ ለሬንጀሩ «ከፍለናል» ብንለው ምንም ሊያደርግልን አይችልም። ለስቴቱ የከፈልነው ነገር የለማ።

ብርዱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው 750 ሜትር ከፍታ ምን አላት ብሎ ይንቃል። ተጠንቀቁ። ጋሬት ካውንቲ የሜሪላንድ ቀዝቃዛው ጥግ ነው፣ ክረምት የበረዶ ሸርተቴ የሚጫወቱበት ሰፈር ነው። ቀን ላይ በቲሸርት ትውላላችሁ፣ ጁን ውስጥም ቢሆን ሌሊቱ ወደ 50 ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) ሊወርድ ይችላል። «ሁሉንም ያካተተ» ሲባል የሰማነው የመኝታ ከረጢት ሲሆን የተሰጠን ስስ ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ከመሬቱ የሚለያት ምንጣፍ እንኳን ሳይኖር በጋቢዋ ተጠቅልላ አደረች። ጠዋት ለአዘጋጁ ስንነግረው «ተፈጥሮ እኮ ነው እማማ፣ ይልመዱት» አላት። እሷ ቦረና ውስጥ መምህርት ሆና የኖረች ሴት ናት፣ ተፈጥሮን ልታስተምረው ትችል ነበር።

ካያክም (በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ) በፓኬጁ ውስጥ ነበር። ሁለት ካያክ ለዚያ ሁሉ ሰው። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው፣ ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) አልነበረውም። በሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትናንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ነው የሚቀመጠው፣ በልኩ የሆነ። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ሲደረግ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። እህቴ እምቢ ብላ ልጆቹን ሐይቁ ዳርቻ ላይ አስቀረቻቸው፣ ሰውዬው «ታበዣለሽ» አላት።

ሌላ የተደበቀ ሂሳብ አለ። ፏፏቴ ለማየት በሰው 25 ዶላር «የአስጎብኚ» ተጨመረብን። ስዋሎው ፎልስ የሚባለው ስቴት ፓርክ ነው፣ እዚያው ቅርብ። መግቢያው ጥቂት ዶላር ነው። የእግር መንገዱ ምልክት ያለው፣ ዙሮ የሚመልስ፣ ከአንድ ማይል ብዙም የማያልፍ ነው፣ አስጎብኚ የሚያስፈልገው ሰው የለም። ማዲ ክሪክ ፎልስ 53 ጫማ ይወርዳል፣ ማየት ተገቢ ነው። በ1918 እና በ1921 ሄንሪ ፎርድና ቶማስ ኤዲሰን እዚያ ድንኳን ተክለው አድረዋል፣ ይሄንን እኔ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው ያነበብኩት፣ አስጎብኚያችን ስልኩ ላይ ነበር።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ዜል ብቻ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቆም በሉ። በዜል ራሳችሁ ወዳችሁ የላካችሁት ብር እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ከሄደ ሄደ፣ ባንኩም አብዛኛውን ጊዜ «አንተው ነህ የላክኸው» ነው የሚላችሁ። ክሬዲት ካርድ ሌላ ነው። ከ1974 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ሕግ፣ የተባለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ካልተሰጣችሁ ክፍያውን መከራከር ትችላላችሁ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ካርድ የማይቀበል አዘጋጅ ለምን እንደማይቀበል ገባችሁ አይደል።

በዜል የላካችሁም ቢሆን ዝም አትበሉ። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፣ በነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ፍላየሩን ስክሪንሾት አድርጉ፣ የላካችሁበትን ማስረጃ አያይዙ፣ የቴሌግራም ምልልሱን ሳይጠፋ አስቀምጡ። ግሩፑ ውስጥ ቅሬታ የጻፈ ሰው መልእክቱ ይሰረዝበታል፣ እኛም ተሰርዞብናል። «አበሻ አበሻን አይከስም» የሚል ሽምግልና ይመጣባችኋል። እኔ ሽምግልና እወዳለሁ፣ ግን ብሩን ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም።

ሐይቅ ዳር ማደር ለምትፈልጉ ሌላ መላ ልንገራችሁ። ሮኪ ጋፕ ስቴት ፓርክ ሂዱ። ከኩምበርላንድ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አይ 68 አውራ ጎዳና ላይ መውጫ 50፣ ከዲፕ ክሪክ ቀርቦ። ሌክ ሃቢብ የሚባለው 243 ኤከር ሐይቅ ተራራ ሥር ነው ያለው፣ የድንኳን ቦታዎቹ እዚያው ሐይቁ አጠገብ ናቸው። ከዚያም የቀረበ ከፈለጋችሁ ግሪንብራየር ስቴት ፓርክ አለ፣ ቡንስቦሮ በኩል፣ 42 ኤከር ትንሽዬ ሐይቅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ገደማ። ግሪንብራየር በበጋ ቅዳሜና እሁድ ዳርቻው ይሞላል፣ ስለዚህ ለቀን ብቻ የምትሄዱ ስለ መግቢያው አስቀድማችሁ ፓርኩን ጠይቁ። የድንኳን ቦታ ስትይዙ «ሞልቷል» ቢላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ሰው ሲሰርዝ ቦታው ተመልሶ ይከፈታል። ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ማንም የለም ማለት ይቻላል።

ድንኳን ከጓደኛ ተዋሱ፣ ገራዥ ውስጥ አንዴ ተተክሎ የተረሳ ድንኳን የሌለው ሰው የለም። እንጨት ከቤት አትጫኑ፣ እዚያው አካባቢ ግዙ። በእንጨት ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ አረንጓዴ ጢንዚዛ አለ፣ በ2002 ዲትሮይት አካባቢ የተገኘ፣ የአሽ ዛፎችን በሚሊዮን የፈጀ፣ የሚዛመተውም በዚሁ በመኪና በሚጫን ማገዶ ነው። የወጡን ድስት ደግሞ ማታ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ጋሬት ካውንቲ የጥቁር ድብ አገር ነው፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሩቅ ይጠራል። መኪና ውስጥ ቆልፉበት።

ለሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላለው የሠራተኞች በዓል) ከወዲሁ ለዚህ ፓኬጅ ብር የላካችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ጠይቁት፣ የሪዘርቬሽን ቁጥሩንና በየቦታው ስንት ሰው እንደመደበ። ቁጥሩን ይዛችሁ ፓርኩ ጋ ደውሉና ቦታው መያዙን አጣሩ። ቁጥር የለኝም ካለ ወይም «እዛ ስንደርስ» ካለ ብራችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ።